ፒሲአሩ አስፐርጊለስ አለ፣ ካልቸሩ ደግሞ የለም ሲል

ውድ ጠያቂ፣ ከአንድ ታማሚ የሳንባ እጥበት ናሙና ፒሲአሩ (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈልገው ምርመራ) አስፐርጊለስ ለተባለው ፈንገስ ፖዘቲቭ ሲሆን ካልቸሩ (ፈንገሱን በማብቀል የሚፈልገው ምርመራ) ግን ምንም እንዳላበቀለ ገልጸው፣ የትኛውን ማመን እንደሚገባ ጠይቀዋል። በፈንገስ ምርመራ ለዓመታት እንደሠራ ሰው የምመክርዎ፣ ሁለቱን ከማነጻጸርዎ በፊት ዲኤንኤው ከናሙናው እንዴት እንደወጣ እንዲመረምሩ ነው።

የፈንገስ ሕዋስ ከካይቲንና ከግሉካን በተሠራ ጠንካራ ግድግዳ የተከበበ ስለሆነ፣ ለቫይረስ የተዘጋጀ የማውጫ ኪት ብዙ ጊዜ አይበግረውም። እኛም ፈንገስ የለባቸውም ብለን ከመለስናቸው ናሙናዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ፈንገስ ያገኘነው፣ ናሙናውን ከጥቃቅን የመስታወት ዶቃዎች ጋር በኃይል መናጥ ከጀመርን በኋላ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ስለሆነ ይበልጥ የሚያሳስበው ብክለት ነው። የአስፐርጊለስ ስፖር (የመራቢያ ብናኙ) በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የፈንገስ ዲኤንኤ በራሱ በሪኤጀንቱ (ለምርመራው በምንጠቀምበት ኬሚካል) ውስጥም ሊገኝ ይችላል። በአንድ ወቅት ውጤቶቻችን በተከታታይ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ያዳነን፣ ናሙና ሳይጨመርበት ከማውጣቱ ሥራ ጀምሮ አብሮ የተጓዘው ባዶ ቱቦ ነበር፤ እርሱም ፖዘቲቭ በመሆኑ ጥፋቱ የሪኤጀንቱ እንደሆነ ታወቀ። ያ ቱቦ ባይኖር ኖሮ፣ ሕመሙ የሌለባቸው ሰዎች ጉበትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በከንቱ በጀመሩ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዕለቱን ባዶ ቱቦ ውጤት ሳያዩ ምንም አይወስኑ።

ባዶው ቱቦ ንጹሕ ከሆነ የካልቸሩ ዝምታ ፒሲአሩን አያፈርሰውም፤ በተለይ ታማሚው ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጀምሮ ከነበረ ፈንገሱ ላይበቅል ይችላል። ይሁን እንጂ ፒሲአር የሚነግረን ዲኤንኤ መኖሩን እንጂ ፈንገሱ ወደ ሳንባው ሥጋ ዘልቆ መግባቱን አይደለም። በ2020 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ ባለሙያዎች የጋራ መስፈርትም በአንድ ነጠላ ውጤት አይረካም፤ ከሳንባ እጥበቱ የተደገመው ምርመራ ፖዘቲቭ እንዲሆን፣ ወይም ከእጥበቱ ጋር የደም ምርመራውም እንዲስማማ፣ አለዚያም በተከታታይ የተወሰዱ ሁለት የደም ናሙናዎች ፖዘቲቭ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህም ቢሟላ የታማሚው የበሽታ መከላከል አቅም መዳከምና የሲቲ ምስሉ አብረው ይታያሉ።

ስለዚህ ምርመራውን ከቀረው የእጥበት ናሙና፣ ዲኤንኤውን እንደገና በማውጣት ይድገሙት፤ ከአስፐርጊለስ ግድግዳ የሚወጣውን ስኳር የሚፈልገውን የጋላክቶማናን ምርመራም ይጨምሩበት። ደም የሚልኩ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሄፓሪን ፒሲአሩን ስለሚያግድ፣ ኢዲቲኤ የተባለው ሌላው የደም መርጋት መከላከያ ባለበት ቱቦ ይሁን። ለሐኪሙም ድጋሚው እስኪደርስ ድረስ ውጤቱ ያልተረጋገጠ መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ።