መልስ፦ አዲሱ የጨው ውሃ አኳሪየም ለምን ቡናማ ለበሰ?

ወንድሜ፣ በአዲሱ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳህ (አኳሪየም) በ3ኛው ሳምንት አሸዋውና መስታወቱ ላይ ወጣ ያልከው ቡናማ ነገር ዲያቶም ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚበቅል በጣም ደቃቅ አልጌ ማለት ነው። በጣትህ ስትነካው እንደ አቧራ ብን ብሎ ከተነሣ አትጠራጠር። የሚያፋፋው ሲሊኬት የሚባል ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው፤ የአዳማን የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ከጨው ጋር ስትበጠብጥ እሱንም አብረህ ትጨምራለህ። ማፍላት አያወጣውም፣ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይከማቻል። በአር ኦ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን ማዕድን በሚያስቀር) ያለፈ ውሃ ተጠቀም፤ በሊትር 35 ግራም ያህል ለባሕር ዓሣ አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ጨምርበት፣ የወጥ ጨው በፍጹም አይሆንም! መብራት በቀን 6 ሰዓት ይበቃል። በየሳምንቱ የውሃውን 10 በመቶ ስትቀይር ቡናማውን ከአሸዋው ላይ በቱቦ ምጠጠው። በአዳማ ሙቀት ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙላ። መዳብ ያለበት ፀረ-አልጌ መድኃኒት እንዳታስገባ፣ ሽሪምፕህን ይጨርሰዋል። አረንጓዴ ፀጉር መሳይ አልጌ ከመጣ ግን ጥፋተኞቹ ከዓሣ ምግብና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት ናይትሬትና ፎስፌት ናቸው፤ የዓሣውን ምግብ ቀንስ።