«የእኛ ቤት ልጅ ሐኪም ይሆናል?» ጥያቄና መልስ

ሐኪም ነኝ። እናትና አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የመግቢያ ቅጹ ላይ «የወላጅ ሥራ» የሚለው ቦታ ጋ ስደርስ እጄን እንዳላበኝ አልረሳውም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ወደ ጤና ሙያ እንዲገቡ ከሥራ ሰዓት ውጭ አግዛለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ 90 አመጣለሁ፤ ኬሚስትሪ ግን 60 ላይ ቆሞብኛል። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነው። ሴት ልጅ ነኝ። ሕክምና መመኘቴ ሞኝነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። የአባትሽን ሥራ ከኬሚስትሪ ውጤትሽ ጋር አታደባልቂው። 60 ላይ የቆመ ኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ሞል (የንጥረ ነገር መጠን የሚለካበት አሃድ) ላይ ነው። የሞል ስሌት ያልገባው ተማሪ የጋዝ ሕግ ቢመጣ፣ አሲድና ቤዝ ቢመጣ እዚያው ይሰናከላል። አዲስ ምዕራፍ መጀመሩን ተይና ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሞልን ብቻ ሥሪ። ከዚያ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዘሽ እየሠራሽ የተሳሳትሻቸውን በአንድ ደብተር ሰብስቢ። ከአጋዥ መጽሐፍ ይልቅ ያን ደብተር አምናለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከእኛ ትምህርት ቤት ሕክምና የገባ ልጅ የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጨረሻው ክፍል ላይ አይጀምሩ፤ ያኔ መሽቷል። ጎበዝ ልጅ የሚቀረው የትምህርት ዘርፍ በሚመረጥበት ዓመት «ኬሚስትሪ ያስፈልግሃል» የሚለው ሰው አጥቶ ነው። የተማረ ወላጅ ያለው ይህን ሳይጠይቅ እቤቱ ይሰማዋል።

እንግዳ ሲጋብዙ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ባይጠሩ ይሻላል፤ ልጆቹ ያጨበጭቡና ይረሱታል። ከነሱ ዓይነት ቤት ወጥታ ሁለተኛ ዓመት የደረሰች የነርሲንግ ተማሪ ትምጣ። «የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ፣ ከዚያ እንዲህ አደረግሁ» ስትል ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የክፍያ ድጎማ ካለ ቀኑን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በብሪታንያ ዩካት፣ በአሜሪካ ኤምካት የሚባሉት የመግቢያ ፈተናዎች አቅም ለሌለው ድጎማ አላቸው፤ ሆኖም ድጎማው ራሱን የቻለ ማመልከቻ ይጠይቃል። የኤምካቱ ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም፤ አንዴ ከተከፈለ ተመላሽ የለም። ይህን ሳያውቁ የተበደሩ ልጆች አሉ።

ጥያቄ፦ አቅም የሌላቸውን ልጆች ዝቅ ባለ ውጤት ሕክምና ማስገባት በበሽተኛ ሕይወት መቀለድ አይደለም?

መልስ፦ ሰው ሲገባ ያመጣውንና ሲወጣ የሚጠየቀውን ለይተን እንይ። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤታቸው ዝቅተኛ ከሆነ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎችን ባነሰ ነጥብ ይቀበላል፤ የአምስት ዓመቱን ትምህርትም በስድስት ዓመት ያስተምራቸዋል። የመጨረሻው ፈተና ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። የሰፋው መግቢያው እንጂ መውጫው አይደለም። በዚያ ላይ ከገጠር የመጣ ተማሪ ተመልሶ ገጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት እንዲገቡ ጠይቋል። ሐኪም ያጣ በሽተኛም እኮ በሽተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አልፋለች። ወጪዋን የሚሸፍነው አካል ግን «ስትመረቅ ለዓመታት ታገልግል» የሚል ውል ላከ። ላስፈርማት?

መልስ፦ እናቴ፣ ውሉ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጃፓኑ ጂቺ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በዚሁ ነው፦ ስድስት ዓመት ያስተምራል፣ ተመራቂው ወደ መጣበት አውራጃ ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግል ዕዳው ይሰረዛል። ከመፈረሟ በፊት ግን ይጠይቁ፦ ዓመት ብትደግም ድጋፉ ይቀጥላል? ብትታመም ወይም ብትወልድ ጊዜው ይቆምላታል? ስፔሻሊቲ የምትማርበት ዓመት እንደ አገልግሎት ይቆጠራል? ውሉን ብታፈርስ ስንት ከነወለዱ ትከፍላለች? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «አይዟችሁ፣ ችግር የለም» ያላችሁ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚያ ወንበር ላይ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ገብተን አናውቅም። ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንላለን?

መልስ፦ አንዲት ተማሪዬን ስናለማምዳት «ሰው የረዳሽበትን አጋጣሚ ንገሪኝ» አልኳት። «የለኝም» አለች። ቆይቶ ስለ ቤቷ ስናወራ፣ ስኳር ያለባቸውን አያቷን አራት ዓመት ያስታመመችው እሷ ሆና ተገኘች። ኢንሱሊን የምትወጋቸው እሷ፤ ቆዳቸው እንዳይደነድን ቦታ የምታቀያይረው እሷ፤ ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክርቢቶ ጽፋ አራት ሳምንት ሲሞላው የምትጥለው እሷ። አንድ ሌሊት ላብ ሲያጠምቃቸው ስኳራቸው እንደወረደ ገብቷት፣ ገና ሳይስቱ ስኳር በጥብጣ አጠጥታቸዋለች። «ይሄማ የቤት ሥራ ነው» አለችኝ!

ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ምን አያችሁ፣ ምን ወሰናችሁ፣ የት ተሳሳታችሁ? ብዙ ቦታ ደግሞ በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ በእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ትጠየቃላችሁ። አንዱ ቢበላሽ ቀጣዩ ጠያቂ አያውቀውም፤ በሩን ስትዘጉ እርሱት።

ጥያቄ፦ ደም ሳይ ያዞረኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ባዶ ሆድህን አትግባ፣ ሲጀምርህ የእግርህንና የክንድህን ጡንቻ ጠበቅ አድርግ፣ ካልሆነም ቁጭ በል። አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። እኔ የመጀመሪያው ቀን ወድቄያለሁ፣ ያውም መምህሬ ላይ።

ጥያቄ፦ ሕክምና ባይሳካስ?

መልስ፦ ነርሲንግ፣ አዋላጅነት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ አንስቴዥያ (ማደንዘዣ)፣ ፊዚዮቴራፒ አሉ። ዶክተር ካልሆንኩ የሚል ልጅ ሲገጥመኝ በፊሊፒንስ ሌይቴ ደሴት በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የጤና ትምህርት ቤት አነሳለታለሁ። ተማሪው አዋላጅ ሆኖ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ነርስ፣ ከዚያ ሐኪም፤ በየመሃሉ ወደ ላከው ማኅበረሰብ ተመልሶ ያገለግላል። የትኛውም ደረጃ ላይ ቢያቆም በእጁ ሙያ አለው። ሁሉም አገር እንዲህ ያለ መሰላል የለም፤ ስለዚህ ዘርፍ ከመሙላታችሁ በፊት ከዚያ ወደየት መሻገር እንደሚቻል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ከገቡ በኋላስ እርዳታችን ያበቃል?

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። «ገባ» ተብሎ ተደሰትንና ዞር አልን፤ ሁለቱ በዓመቱ ተመለሱ። ሰነፎች አልነበሩም። አናቶሚ ሲከብዳቸው «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብለው አፍረው ሳይጠይቁ ቀሩ። አሁን በአራተኛው ሳምንት እደውላለሁ። «ትምህርት እንዴት ነው?» አልልም፤ «ጥሩ ነው» ብለው ይዘጉታል። «የቅርቡ ፈተና ስንት መጣ? የምታጠናውስ ከማን ጋር ነው?» እላለሁ። ለሁለተኛው ስም ያጣውን ልጅ የዚያኑ ዕለት ማታ እዚያው ካለ ሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ጋር አገናኘዋለሁ።