መልስ፦ አዳም ስሚዝ ራሱን ተቃርኗል ወይ?

«የኢኮኖሚ ሊቁ ስሚዝ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ካለ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ይሥራ ማለቱ ተቃርኖ አይደለም ወይ?» ላልከው፦ አይደለም። እጅህን ሰብስብ ያለው ነጋዴው ገንዘቡን የት ያውል በሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 በወጣው «የአገሮች ሀብት» በተባለው መጽሐፉ 5ኛ ክፍል ለመንግሥት ሦስት ሥራ ሰጥቶታል፦ መከላከያ፣ ፍርድ፣ እንዲሁም አገር የሚጠቅም ግን ለግለሰብ ወጪውን የማይመልስ ሥራና ተቋም። ያንተ ጥያቄ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል።

ወጪው ግን በተቻለ መጠን ከተጠቃሚው ይሰብሰብ ይላል፤ ጋሪ በክብደቱ ይክፈል። የጀልባ ቦይ በግለሰብ ቢያዝ ግድ የለውም፤ ባለቤቱ ካልጠገነው ጀልባ አያልፍም፣ ገቢውም ይቀራል። መንገድ ሲሆን ግን ቢበላሽም ጋሪው እየተንገጫገጨ ያልፋል፣ የመንገዱ ባለቤትም ሳይጠግን የኬላውን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ለግል አይሰጥ። (እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።)

ትምህርት ቤትም እንደዚሁ፦ መንግሥት ያቋቁም፣ የመምህሩ ገቢ ግን በከፊል ከተማሪው ክፍያ ይምጣ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ፈተና ላይ «የማይታየው እጅ»ን (ሰው ለራሱ ጥቅም ሲሠራ ሳያስበው አገርንም ይጠቅማል የሚለውን የስሚዝ ሐረግ) ጠቅሼ «መንግሥት ምንም አይሥራ ብሏል» ብዬ ነጥብ ተቆርጦብኛል። ሐረጉ በዚያ መጽሐፍ ያለው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም 4ኛው ክፍል ላይ፣ ከውጭ ስለሚገባ ዕቃ ሲያወራ።