ሁሉም ተኝቶ ግድግዳውን የሚያንኳኳው ማነው?

ጥያቄ፦ ጉለሌ ያለው ቤታችን ከአባታችን የወረስነው የድሮ ቤት ነው። ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ግድግዳው ውስጥ ዱ-ዱ-ዱ-ዱ ይላል። የጠራነው ባለሙያ «ግድግዳው ፈርሶ ቧንቧው በሙሉ ይቀየር» አለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መዶሻውን ለጊዜው ያስቀምጡት። «ሁላችንም ተኝተን» ያሏት ነገር ግማሹን ነግራኛለች። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ውሃ የሚሄደው ወዴት ነው? ጣራ ላይ ሮቶ ካላችሁ፣ ወደዚያ ነው።

የውሃ ፈረቃችሁ ሌሊት ከሆነ ሰፈሩ ስለተኛ ግፊቱ ይበረታል። ሮቶው ሊሞላ ሲል ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ ከክንዱ ጋር ወደ ላይ ከፍ ብሎ የውሃውን መግቢያ ይዘጋል። ውሃው ሲናወጥ ኳሱ ወረድ ይልና ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ያ ዱ-ዱ-ዱ እሱ ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ ድንገት ቢቆም ግፊቱ ከ10 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ሊዘል ይችላል። 10 ባር ማለት 100 ሜትር ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ ሮቶ ነው! ብረት ደግሞ ድምፅ ያደርሳል፤ ጣራ ላይ የተመታው መኝታ ቤት ይሰማል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በዚሁ ተሸውጄ የሰው ግድግዳ በከንቱ አፍርሻለሁ።

ድምፁ ሲጀምር ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። ወዲያው ጸጥ ካለ ጣጣው ከመስመሩ በሚገባው ውሃ ላይ ነው። ሌሊት ጣራ ላይ እንዳይወጡ። ውሃው ሳይሄድ ከነጋ፣ ከሮቶው ጥቂት ባልዲ ቀድተው ኳሱ ዝቅ ይበል። መልሶ ሊሞላ ሲል አንድ ሰው የኳሱን ክንድ በእጁ ወደ ላይ ይያዘው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

የኳሱ መዝጊያ ጎሚኒ (ውሃውን የሚዘጋው ትንሿ ጎማ) ካለቀ ይቀየር። ክንዱ መገናኛው ላይ የሚወላወል ከሆነ ግን መዝጊያውን ከነኳሱ ሙሉውን ይቀይሩት፣ ጎሚኒ ብቻ ገዝቶ መታገል አያዋጣም። ወደ ሮቶው የሚገባውን ቫልቭ ገታ ያድርጉት፤ መሙላቱ ቢዘገይም ምቱ ይለዝባል። ቱቦው ግድግዳ የሚነካበት ቦታ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለው በደንብ አጥብቀው ይሰሩት። አንዳንዱ ድምፁን ለማጥፋት ላስቲክ ቱቦ ቀጥሎ ሮቶው ውስጥ ይነክራል። ተዉት፤ መስመሩ ሲደርቅ የሮቶውን ውሃ ወደ ኋላ ሊስበው ይችላል።

ቧንቧ ሲዘጋ አንዴ ጓ የሚል ከሆነ ያላላ ቱቦ ይፈልጉ። በግማሽ ሲከፈት የሚያፏጭ ከሆነ የዚያው ቧንቧ ጎሚኒ ነው።

ያ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ከሆነ፣ ኃይሉም ከደከመ፣ ብረቱ ውስጡ ዝጓል፤ መቀየሩ አይቀርም። ያኔም ቢሆን አሮጌውን ግድግዳ ውስጥ ትቶ አዲስ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) በውጭ በኩል መዘርጋት ይቻላል። የሙቅ ውሃውን መስመር ግን ግጥም አድርጎ እንዳያስረው ለባለሙያው ይንገሩት፤ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር አንዱ ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መላወሻ ካጣ ሌላ ዓይነት ሲጥሲጥታ ያመጣባችኋል።