«ግሩወሊንግ ነኝ» ብለሽ እንዳትልኪው

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ባሕር ዳር ለወጣው የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ ማመልከቻ ጽፈሽ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬን ይዩልኝ» ብለሽኛል። አየሁት። ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ አንዷ መስመር ግን አስደነገጠችኝ። «አይ አም ኤ ግሩወሊንግ (gruelling) ወርከር» ትላለች።

ታታሪ ነኝ ማለትሽ ነው። መዝገበ ቃላቱ «አድካሚ» ሲልሽ እስኪደክማት የምትሠራ ማለት መስሎሻል። ቀጣሪው ግን «ሰው የማደክም ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ነው የሚያነበው።

ቃሉ ለሠራተኛው አይሆንም፤ ለሚያደክመው ነገር ነው። ለጉዞ፣ ለሩጫ፣ ለሥልጠና፣ ሦስት ሰዓት ለፈጀ ቃለ መጠይቅ። ተራ ድካምም አይደለም። ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ «ታያሪንግ» (tiring) ማለት ይበቃል። ነሐሴ ላይ ጭቃው ውስጥ አጎንብሰሽ ጤፍ ስታርሚ ውለሽ፣ ማታ ወገብሽ አልቃና ብሎሽ፣ በማግስቱም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሲሆን፣ ግሩወሊንግ እሱ ነው።

አመጣጡን ካወቅሽ ደግሞ አትረሺውም። «ግሩወል» አጥሚት ነው፤ የአጃ ዱቄት በውሃ ወይም በወተት ተፈልቶ የሚጠጣው፣ እኛም ለአራስና ለታመመ የምንሰጠው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የወሰደው። ታዲያ አጥሚት እንዴት ድካም ሆነ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንግሊዞች ሰው ሲቀጣ ወይም ክፉኛ ሲመታ «አጥሚቱን ተቀበለ» ይሉ ጀመር። እኛስ «ዱላ ቀመሰ»፣ «አሳሩን በላ» እንል የለ! እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ መከራን በአፍ የሚያስገባው የእኛ አማርኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ማድከም፣ ማንገላታት የሚል ግስ ወጣው፤ ቅጽሉ ከዚያ መጣ። በብሪታንያ አጻጻፍ በሁለት «ኤል»፣ በአሜሪካ በአንድ ይጻፋል።

አሁን መስመሯን እናስተካክል። «ሃርድወርኪንግ» ብትዪ ትክክል ነው፤ ግን ሁሉም አመልካች የሚጽፈው እሱን ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነግረሽኛል፦ ባለፈው ክረምት ለአንድ ጥናት ሦስት ቀበሌ በእግርሽ ስትዞሪ ጫማሽን በእጅሽ፣ መጠይቁን በፌስታል ጠቅልለሽ በብብትሽ ይዘሽ ወንዝ ተሻግረሻል፣ አንድም ቅጽ ሳይረጥብ አስረክበሻል። ይሄን ለምን ደበቅሽው? እሱን ጻፊ። ቃሉም ቦታውን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ «ግሩወሊንግ ፊልድወርክ»፣ አድካሚ የመስክ ሥራ፣ በዪ፤ አድካሚው ሥራው ይሁን፣ አንቺ የጨረስሽው። ቀበሌዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ስንት ሳምንት እንደፈጀ በቁጥር አስገቢ።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት መልሰሽ ላኪልኝ፣ ደግሜ አየዋለሁ። ስልክ ቁጥርሽንም ከላይ አልጻፍሽም።