በወጣት በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካይ ስም የሚሰጥ ስኮላርሺፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖች የመጡ ናቸው። እኔ በለጋ ዕድሜው ባረፈ አንድ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካይ ስም በተቋቋመ አነስተኛ ፈንድ ውስጥ የመራጭ ኮሚቴ አባል ነኝ። የልጁን ስም አልጠራም፤ ቤተሰቡ እንዲህ ይሻለዋል። የሕግ ሰው ስላልሆንኩ ገንዘብ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ።

እውነት ያለ ደሞዝ እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው አለ?

አለ፤ እንዲያውም ብዙኃኑ እነሱ ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በአገሪቱ ካሉት 1,041,200 እሳት አደጋ ተከላካዮች 676,900ዎቹ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ነገሩ የቆየ ነው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ላይ ዩኒየን ፋየር ካምፓኒ የተባለውን ቡድን ያቋቋመው በ1736 ነው። በትልልቅ ከተሞች ደሞዝተኛው ይበዛል። በትንንሽ ከተሞችና በገጠር ግን ጥሪ ሲመጣ ከአልጋው ተነስቶ የሚሮጠው መካኒኩ፣ መምህሩ፣ የኮሌጅ ተማሪው ነው። አብዛኛው ጥሪ ደግሞ እሳት አይደለም፤ የታመመ ሰው ወይም የመኪና አደጋ ነው።

የእህታችን ልጅ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካይ ነበር፤ ባለፈው ዓመት አረፈ። በለቅሶው ጊዜ የተሰበሰበ ገንዘብ አለ። በስሙ ስኮላርሺፕ ለመጀመር ስንት ያስፈልጋል?

እግዜር ያጽናችሁ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ ከትርፉ ብቻ መስጠት ነው። በዓመት 4 በመቶ ይወጣል ብንል፣ 1,000 ዶላር ለመስጠት 25,000 ዶላር መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ያለውን እየሰጡ መጨረስ ነው። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ስሙ ለዘላለም እንዲቆይ። እኔ ግን 10,000 ዶላር ብቻ ካላችሁ ሁለተኛውን እመክራለሁ። በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ 1,000 ዶላር እየሰጡ በ10 ዓመት በክብር መዝጋት፣ በየዓመቱ 400 ዶላር እየቆነጠሩ ከመቆየት ይሻላል። 400 ዶላር የአንድ ሴሚስተር መጽሐፍ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

አደራ፣ ገንዘቡን በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አታስቀምጡት። ሰጪዎች ስጦታቸውን ከሚታክስ ገቢያቸው ላይ መቀነስ የሚችሉት 501(ሲ)(3) ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጡ ነው። በየአካባቢው ያለ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ወይም ልጁ የተማረበት ኮሌጅ ፈንዱን ሊያስተዳድርላችሁ ይችላል። የራሳችሁን የግል ፋውንዴሽን ካቋቋማችሁ ግን የአመራረጥ ሥርዓታችሁን አይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት፤ ለትንሽ ፈንድ ድካሙ አያዋጣም።

እናትና አባቱ መራጭ መሆን ይችላሉ?

ፋውንዴሽኑ የሚሾመው ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ይችላሉ፤ መቆጣጠር ግን አይችሉም። ከ2006 ወዲህ ሰጪው አስተያየት በሚሰጥባቸው ፈንዶች ላይ ሕጉ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንዲህ ባይ ነኝ። ያዘነች እናት 40 ማመልከቻ አንብባ ልጇን የሚመስለውን ብቻ እንዳትፈልግ መጠበቅ ከባድ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ኮሌጅ ሊገባ ነው። ለእሱ ብንሰጠውስ?

አይሆንም። ተጠቃሚው አስቀድሞ የታወቀ አንድ ሰው ወይም የቤተሰብ አባል ከሆነ በጎ አድራጎት መሆኑ ይቀራል። ወንድሙን መርዳት ከፈለጋችሁ ከኪሳችሁ እርዱት፤ የተዋጣውን አትንኩ።

መስፈርቱ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። ግማሻችን ቢያንስ 3.5 ጂፒኤ ይሁን እንላለን። እርስዎ ምን ይላሉ?

እናንተ የምታስታውሱት ልጅ በምን ነበር የሚታወቀው? በውጤቱ ከሆነ 3.5 አድርጉት። ሌሊት ጣቢያ አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንጎላጅ ከነበረ ግን፣ እሱ ራሱ የማያልፈውን በር በስሙ እየሠራችሁ ነው። ለጥሩ ውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ሞልቷል። ውሃ ቱቦ ለሚጠቀልል፣ መኪና ለሚያጥብ፣ ልምምድ ለማያቋርጥ ልጅ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው። እኛ የምንጠይቀው ትምህርቱን በአግባቡ እየተከታተለ መሆኑን ብቻ ነው፤ ቀሪው ክብደት አገልግሎቱ ላይ ይወድቃል።

አገልግሎትን መመዘን ደግሞ ይቻላል። ሰዓት ቆጥሩ አላልኩም፤ ሰዓት ብቻ ከቆጠራችሁ መኪና ያለውና ከትምህርት በኋላ መሥራት የማይጠበቅበት ልጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ከመምህር ደብዳቤ ይልቅ የጣቢያው ኃላፊ ወይም አብሮ ያገለገለ ሰው ደብዳቤ ጠይቁ። ጥያቄውንም አጥብቡት፦ «ይህ ልጅ ማንም ሳያየው የሠራውን አንድ ነገር ይንገሩን»። ትጉህ ነው፣ ታታሪ ነው የሚለው ሙገሳ ይቀርና ጣቢያ ውስጥ የሆነ ነገር ይጻፍላችኋል። ለምሳሌ ከጥሪ መልስ ሁሉ ሲበተን የመተንፈሻ አየር ሲሊንደሮቹን ሞልቶ የሚሄደው ማን እንደሆነ።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ጣቢያ ገብታ ማገልገል ትፈልጋለች። እኔ ፈርቻለሁ።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ብዙ ጣቢያዎች በዚህ ዕድሜ ላሉት ጁኒየር የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ወጣቶቹ ይለማመዳሉ፣ ዕቃ ያዘጋጃሉ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማራሉ፤ የሚነድ ቤት ውስጥ አይገቡም። ሄደሽ ኃላፊውን አነጋግሪ፤ ያለ ወላጅ ፊርማ ከተቀበሏት ያ ጣቢያ ይቅርብሽ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ማመልከት እችላለሁ?

የግል ፈንድ መስፈርቱን ራሱ ስለሚያወጣ ማስታወቂያውን አንብብ። ዜግነት ካልጠየቀ አመልክት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ በተባለው የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻ የፌዴራል ዕርዳታም መጠየቅ ስለሚችል እሱንም አትዝለል። ሜሪላንድ ከሆንክ ደግሞ በቻርልስ ደብሊው ራይሊ ስም የሚጠራ የስቴቱ ስኮላርሺፕ አለ። በጎ ፈቃደኛም ሆነ ደሞዝተኛ ለሆኑ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አባላት የሚሰጥ ነው።

ባለቤቴ በጎ ፈቃደኛ ነው። አያድርገውና ክፉ ቢገጥመው ልጆቼ የሚያገኙት እንዲህ ያለ ስኮላርሺፕ ብቻ ነው?

አይደለም። ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት በግዳጅ ላይ ለሚሞቱ የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል፤ ለባለቤትና ለልጆችም የትምህርት ድጋፍ አለው። በሕግ የተቋቋመ ጣቢያ አባል የሆነ በጎ ፈቃደኛ እዚህ ውስጥ ይገባል። በኮንግረስ የተቋቋመው የወደቁ እሳት አደጋ ተከላካዮች ብሔራዊ ፋውንዴሽንም ለቤተሰቦቻቸው ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ባለቤትሽ ዛሬውኑ የተጠሪ ስም ያለበትን ቅጽ ጣቢያው ውስጥ መሙላቱን አረጋግጪ። ብዙዎች ይህን ረስተው ቤተሰባቸውን ያንከራትታሉ።

ያገኘሁትን ስኮላርሺፕ ኮሌጁ ከሰጠኝ ዕርዳታ ላይ ቀነሰብኝ። ይህ ፍትሕ ነው?

ያናድዳል፤ ግን በብዙ ቦታ የተፈቀደ ነው። ሜሪላንድ በ2017 በመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን አሠራር በመገደብ የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ሂድና ቅነሳው መጀመሪያ ከብድርህ ላይ እንዲሆን ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። የሰጠህንም ፈንድ አሳውቅ፤ ክፍያውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ሊችል ይችላል። ስለ ታክሱ ደግሞ፦ ለዲግሪ ተማሪ ለክፍያና ለሚጠየቅ መጽሐፍ የዋለው አይታክስም፤ ለምግብና ለመኝታ የዋለው ይታክሳል።

ድርሰቱ ላይ ስለ ሟቹ ልጻፍ? አላውቀውም ነበር።

እኛ አንጠይቅም፤ የሚጠይቁትንም አልወድላቸውም። የማያውቁትን ሰው አሞግሱ ሲባሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፤ ቤተሰቡም ያንን ማንበብ የለበትም። ስለራስህ ሥራ ጻፍ፦ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ስትሠራ፣ ምን አቅቶህ። ማስታወቂያው ስለ እሱ እንድትጽፍ ካስገደደህ ሁለት መስመር በቂ ነው። ቀሪውን ገጽ ለራስህ አገልግሎት ተጠቀምበት።