ብሮከሩ ደላላ ነው፤ ኮሚሽን ግን አይበላም

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ኤምኪውቲቲ ናቸው። ለማያውቀው ሰው፦ መሣሪያዎች በኔትወርክ መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ ነው። መልእክት ላኪና ተቀባይ ፊት ለፊት አይገናኙም። መሃል ላይ ብሮከር የሚባል ሰርቨር አለ። ላኪው ቶፒክ በሚባል ርዕስ ሥር ይልካል፤ ለዚያ ቶፒክ የተመዘገበ ሁሉ ይደርሰዋል። የቡና ደላላ ለሚያውቅ የጅማ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል ነው የተሠራው። መስመሩ ደካማ እንደሚሆን አስቀድሞ ታስቦበታል። ለእኛ የተሠራ ይመስላል!

ለቡና መጋዘን የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ሠራሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ፕሮግራም በፖርት (በብሮከሩ በር ቁጥር) 1883 ያነበዋል። ያንኑ ፖርት ብራውዘር ላይ ስሰጠው ግን እምቢ አለኝ። የተጠቀምኩበት ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ተበላሽቶ ይሆን? (ከአጋሮ)

ላይብረሪው ጤነኛ ነው። ብራውዘር ድረ ገጽ ውስጥ ያለ ጃቫስክሪፕት ጥሬ ቲሲፒ (ቀጥተኛ የኔትወርክ ግንኙነት) እንዲከፍት አይፈቅድም፤ 1883 ደግሞ የዚያ በር ነው። ፓሆም ሆነ ኤምኪውቲቲ ዶት ጄኤስ የሚባሉት ላይብረሪዎች ብራውዘር ውስጥ የሚያልፉት በዌብሶኬት፣ ብራውዘር በሚፈቅደው መስመር፣ ነው። ስለዚህ ብሮከሩ ላይ ሁለተኛ በር ክፈት። ብሮከርህ ሞስኪቶ የሚባለው ፕሮግራም ከሆነ ኮንፊግ (ቅንብር) ፋይሉ ላይ አንድ ሊስነር፣ ማለትም አዲሱን በር፣ ጨምርና ፕሮቶኮሉን ዌብሶኬትስ በለው። ብዙ ሰው 9001ን ይጠቀማል፤ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከስሪት 2.0 ወዲህ ሞስኪቶ ስም የሌለውን እንግዳ ዝም ብሎ አያስገባም፤ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል አዘጋጅ።

ቤት ስሞክረው ይሠራል። ገጹን ኤችቲቲፒኤስ ላይ ስጭነው ጭጭ።

ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ከመጣ ግንኙነቱም ደብሊውኤስኤስ (የተመሰጠረ ዌብሶኬት) መሆን አለበት። ባልተመሰጠረው ደብሊውኤስ ብቻ ከሞከርክ ብራውዘሩ ይከለክልሃል። ብሮከሩ ደህና ሰርተፊኬት ይኑረው፤ ራስህ የፈረምከው ከሆነ ብራውዘሩ "ልቀጥል?" ብሎ እንኳ ሳይጠይቅህ ይዘጋዋል።

ካፌ አለኝ። የልጄ ጓደኛ የትእዛዝ ሰሌዳ ሠራልኝ፤ አንድ ታብሌት ኩሽና፣ አንዱ ባንኮኒ። አንዱ ሲገናኝ ሌላው ይቋረጣል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ኔትወርክ ነው ይሉኛል። (ከአጂፕ)

ኔትወርክ የማይከሰስበት ጥፋት የለም፤ በዚህኛው ግን የለበትም። እያንዳንዱ ታብሌት ብሮከሩ ጋ የሚታወቅበት ክላይንት አይዲ አለው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ስም ሲመጣ ብሮከሩ የመጀመሪያውን ማስወጣት ግዴታው ነው። ስታንዳርዱ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ሁለቱም ታብሌቶች "ካፌ" ብለው ይገባሉ እንበል። ኩሽናው ሲገባ ባንኮኒው ይባረራል። ባንኮኒው በራሱ ተመልሶ ይገባል፤ ኩሽናው ይባረራል። እኔ ራሴ በዚህ ሰበብ ሁለት ቀን ሙሉ ራውተር ስቀያይር ውያለሁ።

ብዙዎች ከስሙ ኋላ የዘፈቀደ ቁጥር ይቀጥላሉ። ለእርስዎ ግን አልመክርም። አንዱን "ኩሽና"፣ ሌላውን "ባንኮኒ" ብሎ ሰሌዳውን የሠራው ልጅ የማይቀያየር ስም ይስጣቸው። ክሊን ሴሽንን (ታብሌቱ ሲቋረጥ ብሮከሩ ሁሉን እንዲረሳ የሚያደርገውን ቅንብር) ያጥፋው፤ ታብሌቱ ሲልክም ሲመዘገብም ኪውኦኤስ (የማድረስ ዋስትና ደረጃ) 1 ይጠቀም። ያኔ የኩሽናው ታብሌት ቢጠፋ ብሮከሩ ትእዛዙን ይዞ ይጠብቀዋል። ኪውኦኤስ 1 "ቢያንስ አንድ ጊዜ" ማለት ነው፤ ሁለቴም ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ይኑረው። አለዚያ አንድ ማኪያቶ ያዘዘ ደንበኛ ሁለት ይቀርብለታል፤ ሂሳቡ ላይም ይጣላችኋል።

ገጹን ስከፍት ሴንሰሩ እስኪልክ ድረስ ባዶ ነው።

ሲላክ ሪቴይን ይደረግ። ብሮከሩ የመጨረሻዋን መልእክት ያስቀምጥና ዘግይቶ ለመጣው ይሰጠዋል። የእድር ጥሩምባ ካለፈ በኋላ ለመጣ ሰው ጎረቤት እንደሚነግረው ማለት ነው።

የይለፍ ቃሉን ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ብጽፈው ማን ያየዋል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ገጹን የከፈተ ሁሉ። ብራውዘር ውስጥ የገባ ነገር ምስጢር አይሆንም። ለገጹ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠር፤ የሚፈልጋትን ቶፒክ ብቻ ያንብብ፣ መጻፍ አይፈቀድለት። ይህን የሚወስነው ብሮከሩ እንጂ ገጹ አይደለም። በነገራችን ላይ የላክልኝን ሊንክ ከፍቼ የይለፍ ቃልህን አንብቤዋለሁ። ዛሬውኑ ቀይረው።